የስፓኝ ቋንቋና የፈራሚው ማዕረግ

የስፓኝ ቋንቋ ከማድሪድ እስከ ቦነስ አይረስ ሃያ በሚሆኑ አገሮች የመንግሥትና የንግድ ቋንቋ ነው። ከእነዚህ አገሮች ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ ቋንቋውን በሙሉ ለማጥናት ጊዜ ባያገኝ እንኳ የሥራ ማዕረጎችን ስም ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ደብዳቤውን የፈረመው «ቬንዴዶር» ቢሆን ሻጭ ሠራተኛ፣ «ኼሬንቴ» ቢሆን ሥራ አስኪያጅ፣ «አፖዴራዶ» ቢሆን ግን በውክልና ሥልጣን የሚፈርም እንደራሴ ነው። ስለ ዋጋ ቅናሽ የተጻፈ ቃል ክብደቱ በፈራሚው ሥልጣን ስለሚለካ፣ ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ መላክ ኋላ ለክርክር ይዳርጋል።

ስሞቹም እንደየአገሩ ይለያያሉ፤ በማድሪድ «ኮንታብሌ» የሚባለው ሒሳብ ያዥ በቦጎታ «ኮንታዶር» ይባላል። ለኢትዮጵያ ነጋዴ ጭነት የሆነው «ካርጎ» በእነርሱ ዘንድ የሥራ ማዕረግ ወይም በሒሳብ ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው። የሚያቀርብም ቃል አይታጣም፤ «ፋክቱራ» ፋክቱር ነው፤ «አልማሴን»ም እንደ መጋዘን ሁሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ማዕረጉን፣ አገሩንና የሥልጣኑን ልክ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር ለጸሐፊው ቢሰጥ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።