ያረጀ ፈረስ ሲሸጥ ተንከባካቢው አስቀድሞ ይወቅ

ፈረስ እስከ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። በጋላቢው ስውር ምልክት እየተመራ የተለካ እርምጃ ለሚታይበት የድሬሳዥ ውድድር የሠለጠነ ፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሃያ ዓመት ሲጠጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሜዳ ይሰናበታል። መገጣጠሚያው ሲደክም ዋጋው ይወድቃል፤ የመኖው፣ የሰኮናውና የሐኪሙ ወጪ ግን አይቀንስም። በዴንቨርና በአውሮራ ዙሪያ ባሉ በረቶች እንዲህ ላለው ፈረስ ማለዳ የሚደርስለት ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ደመወዝተኛው ተንከባካቢ ነው።

ይህ ሰው ፈረሱ የትኛውን እግር ሸሽቶ እንደሚቆም፣ ጥርሱ ሲያልቅ ድርቆሹ እንዴት ረጥቦ እንደሚቀርብለት፣ ሆዱን ሲቆርጠው እንዴት ወደ ጎኑ ዞሮ እንደሚመለከት ያውቃል። ፈረሱም ያውቀዋል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ፈረሶች ለስድስት ወራት ያላዩትን ተንከባካቢ በፎቶግራፍ ለይተውታል።

በሕግ ፊት ይህ ትውውቅ ክብደት የለውም። ፈረስ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ለወደደው ይሸጠዋል፤ ተንከባካቢው አንድ ማለዳ ባዶ በረት ሊጠብቀው ይችላል። ገዢው የእርድ ነጋዴ ቢሆንስ? በዩናይትድ ስቴትስ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ቢዘጉም፣ ፈረስን ለእርድ ወደ ሜክሲኮና ወደ ካናዳ መላክ አልተከለከለም። ይህን ለማገድ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ የቀረበው ረቂቅም ሕግ አልሆነም።

ኢትዮጵያውያን ለፈረስ የሚሰጡት ክብር የቆየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። የእነዚያን ፈረሶች ልጓም ይዞ የዋለው ሰው ስም ግን በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አይገኝም። የኮሎራዶ ሕግም በዚህ ረገድ ከመጻሕፍቱ አይሻልም።

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። የኮሎራዶ ሕግ ፈረስ ባለቤት ሲለውጥ፣ ከክፍለ ግዛቱ ሲወጣ፣ በውስጡም ከ75 ማይል በላይ ሲጓጓዝ የብራንድ ቦርድ መርማሪ እንዲያየው ያዝዛል። ሥርዓቱ የሌብነት መከላከያ ነው፤ ሽያጩ ግን በመንግሥት ዓይን ሥር ማለፉ አይቀርም። በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ግዴታ ይጨመር፦ ዕድሜው ከ15 ዓመት የበለጠ ፈረስ ሲሸጥ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የተንከባከበው ሰው አስቀድሞ ይነገረው፤ በቀረበው ዋጋ የመግዛት ቅድሚያም ለ14 ቀናት ይኑረው።

ደመወዝተኛ ፈረስ ገዝቶ በምን ያኖረዋል የሚለው ተቃውሞ ብርቱ ነው፤ ብዙዎቹ በእርግጥ አይችሉም። ሆኖም 14 ቀን ለመግዛት ብቻ አይደለም። ለግልቢያ ሕክምና የሚፈለገው ረጋ ያለና የሠለጠነ ፈረስ ነው፤ የትኛው ፈረስ ለዚያ እንደሚበቃ ከተንከባካቢው የተሻለ የሚያውቅ የለም። በፍራንክታውን ያለው የሃርመኒ ማእከል በሕግ ከባለቤቶቻቸው የተወሰዱ ፈረሶችን አክሞና አሠልጥኖ ለአዲስ ቤት ያበቃል፤ እነዚህ ፈረሶች ግን እዚያ የሚደርሱት ከተጎሳቆሉ በኋላ ነው። ማስታወቂያው ከዚያ በፊት ይደርሳል።

ረቂቁን ለሚያዘጋጁ የምክር ቤት ባለሙያዎች ሁለት ነጥቦች አይዘለሉ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ተንከባካቢ የደመወዝ ሰነድ ስለማይኖረው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ወይም የፈረስ ጫማ የሚመታው ባለሙያ ምስክርነት ይብቃ። የ14ቱ ቀን መኖም በሻጩ ወጪ ይሁን።