ፊውዙን በሽቦ አንተካ



የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-14፤ ገላትያ 6፥1

በአገራችን አሮጌ መኪና አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማደስ የግድ ሆኗል። ከሚታደሱት መካከል ሰው አብልጦ የሚወዳት ቮልስ ናት። ለእሽቅድምድም ባትሠራም፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አሸንፋለች። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሲያበቃ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ዛሬም ታድሳ፣ ቀለሟ አብረቅርቆ ስታልፍ ሰው ዞሮ ያያታል።

አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ግን ከቦዲው ይልቅ የሚያስቸግራቸው ኤሌክትሪኩ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ትልልቅ መብራቶቿ ከፊት ናቸው። ሽቦው የመኪናዋን ርዝመት ሙሉ ይጓዛል። ዕድሜ የሽቦውን ሽፋን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። የተራቆተው ሽቦ ብረት ሲነካ ኮንታክት ያደርጋል፤ ያኔ ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዝ የተሠራው ለዚሁ ነው። በቮልስ ነጩ ለ8፣ ቀዩ ለ16 አምፔር የተለካ ነው፤ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣበት እርሱ ቀልጦ መኪናዋን ያድናታል።

ታዲያ ብዙ ጊዜ ምን ይደረጋል? መብራቱ ቶሎ እንዲበራ ፊውዙ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ወይም በቦታው ሽቦ ይገባል። መብራቱ ይበራል። ጥፋቱ ግን ያለበት ቦታ አለ። ፊውዙን ያቀልጠው የነበረው ሙቀት አሁን ሽቦውን ያግለዋል፤ መጨረሻው እሳት ነው።

ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ይታያል። እግዚአብሔር በጉባኤው መካከል እንደ ፊውዝ የሚሆኑ ሰዎችን ያስቀምጣል፦ የሒሳብ ሪፖርት የምትጠይቅ እህት፣ “ይህ ትምህርት ከቃሉ ጋር አይሄድም” የሚል ወጣት፣ በአገልጋይ ተበድላ የምታለቅስ ልጅ። እነርሱ ሲናገሩ ችግሩ እነርሱ ይመስሉናል። “የመከፋፈል መንፈስ ነው” እንላለን። ከአገልግሎት እናወርዳቸውና በቦታቸው ዝም የሚል ሰው እናስገባለን። ዝማሬው ይቀጥላል፣ ጉባኤው ይሞቃል፤ ሽቦው ግን ውስጥ ውስጡን ይግላል።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው አማኙ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። “ገመናችን አይውጣ፣ ጎረቤት ምን ይላል?” የሚለው ፈተና ይበረታብናል። ስጋቱ ይገባናል። ሆኖም ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን መብራቱ አለመሥራቱን እያወቀ ቢጓዝ፣ ከኋላው የሚመጣውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ጌታን የሚፈልጉ ነፍሳትም ከኋላችን እየመጡ ነው።

ናታን ለዳዊት እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ንጉሡ በደሉን በኦርዮ ሞት ሸፍኖ፣ ቤተ መንግሥቱ በሰላም የሚኖር ይመስል ነበር። ነቢዩ ሲገሥጸው ዳዊት ሊያሳስረው ሥልጣን ነበረው፤ ነገር ግን በደሉን አመነ። የኃጢአቱ መዘዝ በቤቱ ላይ ቢመጣም፣ ከእግዚአብሔር ምሕረትን አገኘ።

ሌላም የምንማረው አለ። የመኪና ኤሌክትሪክ በሽቦ ሄዶ በብረቱ አካል በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ገመዱ ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት ቦታ አዲስ ቀለም ከተቀባ መመለሻው ይዘጋል፤ መኪናዋ አምራ መብራቷ ይደክማል። ባለሙያው ያንን ቦታ እስከ ብረቱ ድረስ ይፍቀዋል። ንስሐም እንዲሁ ነው፤ ቀለማችን ተፍቆ እውነቱ ሳይገለጥ ብርሃናችን አይመለስም።

“ቅሬታ ሁሉ እውነት ነው ወይ?” የሚል ይኖራል። አይደለም። ፊውዝም አንዳንዴ ጫፉ ዝጎ በከንቱ መስመር ያቋርጣል። ይህ የሚታወቀው ግን በቴስተር ተለክቶ ነው፤ በቁጣ አይደለም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲሰማ ያዛል። ትእዛዙ ሽማግሌውን ከሐሰት ይጠብቃል፤ ክሱ ፈጽሞ አይሰማ ግን አይልም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይስሙ፣ ያለ አድልዎ ይመርምሩ፤ የተበደለው ይጠበቅ፤ ነገሩ ወንጀል ከሆነም ለሕግ ይቅረብ።

የወደቀውንስ? ጳውሎስ በገላትያ 6፥1 በየዋህነት እንድናቀናው ሲያዝ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል፣ በማርቆስ 1፥19 የዘብዴዎስ ልጆች መረባቸውን ስለማበጀታቸው ከተነገረው ቃል ጋር አንድ ነው። መረብ የሚያበጅ ሰው ቀዳዳውን በእጁ እየዳሰሰ ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም ይጠግነዋል እንጂ መረቡን አይጥለውም።

እውነት ተናግራችሁ በራችን የተዘጋባችሁ ወገኖች ሆይ፣ መቃጠላችሁ በጌታ ፊት የተረሳ አይደለም። እኛ የምናገለግል ደግሞ በዚህ ሳምንት እንጠያየቅ፦ በመካከላችን ዝም ያሰኘነው ማንን ነው? ሄደን እንስማው።

ጌታ ሆይ፣ የሚገሥጸንን ሰው የምንታገሥበት ልብ ስጠን። አሜን።