ኢስታንቡል ለንግድ ለምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች



ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ በረንዳ ላይ የሚነሳው ወሬ ተለውጧል። ድሮ ስለ ገዳሪፍና ካርቱም ነበር፤ አሁን "ኢስታንቡል ሄጄ ልብስ ላምጣ" የሚሉ ወጣቶች በዝተዋል። ቪዛው ተገኝቶ፣ ገንዘቡም ከዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ስለ ከተማዋ የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የሙስሊም አገር ናት አይደል?"

አዎ፣ ናት። ሰላምታ ግን ዋጋ አይቀንስም። እኛ ከዑምራ ስንመለስ ጥቂት ቀን አድረን ያየነው ይህንኑ ነው። አብሮን የነበረ ወንድም በገባን በመጀመሪያው ቀን "አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ" ብሎ የተቀበለውን ሰው ተከትሎ ሱቅ ገባ። ሻይ ተጋበዘ። ሻዩን ጠጥቶ ሳይገዛ መውጣት አሳፈረው። ማታ ያንኑ ጃኬት ሁለት ሱቅ አለፍ ብለን በግማሽ ዋጋ አገኘነው። በሕይወታችን እንደዚያ የተወደደ ሻይ አላየንም።

ኪታብ የቀራ ሁሉ የንግድን ምዕራፍ ያስታውሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። መጪው የገበያውን ዋጋ ገና አላወቀም፤ ገበያ ደርሶ መታለሉን ካወቀም ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ አለው። ኢስታንቡል ላይ እኛ ገዢ እንጂ ሻጭ አይደለንም፤ ዋጋ የማያውቀው መንገደኛ ግን እኛው ነን። ስለዚህ መንገድ ላይ ማንም ሳይቀበላችሁ ራሳችሁ ገበያ ድረሱ።

መድረሱ ከባድ አይደለም። ከአየር ማረፊያው ኤም 11 የሚባለው ሜትሮ ጋይሬቴፔ ያደርሳችኋል። እዚያ ወደ ኤም 2 ቀይራችሁ ቬዝነጅለር ውረዱ። ከዚያ ላሌሊ በእግር ነው። ኢስታንቡልካርት የሚሉትን ካርድ ከማሽን ገዝታችሁ ሂሳብ ሙሉበት፤ ለሜትሮ፣ ለትራም፣ ለአውቶቡስ፣ ለጀልባም ይሠራል። ታክሲ ከያዛችሁ ቆጣሪው መሥራቱን ሳታዩ አትነሱ።

ላሌሊ የጅምላ ሰፈር ነው። ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚጠራው በዶላር ሲሆን ልብሱ የሚሸጠው በ"ሴሪ" ነው፤ ይኸውም አንድ ሞዴል በተለያየ ቁጥር አንድ ላይ ታስሮ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የተነገራችሁ ዋጋ የአንዱ ፍሬ ነው ወይስ የሙሉው ሴሪ? ሴሪው ስንት ፍሬ ነው? ቁጥሮቹስ የእኛ አገር ሰው የሚለብሳቸው ናቸው? ትላልቆቹ ቁጥሮች ገንዳ ውሃ መደርደሪያ ላይ ዓመት ሲከርሙ አይተናል። የካርጎውን የኪሎ ዋጋም ከግዢው በፊት ጠይቁ፤ ትርፉን የሚበላው እሱ ነው። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ ደግሞ ገንዘብ አታውጡ፤ ሻይ ቢቀርብላችሁም "ባረከላሁ ፊኩም" ብሎ መውጣት ነውር አይደለም።

ትልቁ የተሸፈነ ገበያ፣ ካፓሊቻርሺ፣ እዚያው አጠገብ ነው። ሱልጣን መሕመድ አል-ፋቲሕ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመሩት ሲሆን ዛሬ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሱቆች አሉት። እሁድ ዝግ ነው። ለእናት ስጦታ ግዙበት፤ ለሱቅ ዕቃ ግን አይሆንም። ለሶላት የባየዚድ መስጂድ ደጃፉ ላይ ነው፤ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ሁሉ ያለው በአውሮፓው ክፍል ነው። ወደ እስያው ለመሻገር ከባሕሩ ሥር የሚያልፍ ማርማራይ የሚባል ባቡር አለ፤ እኛ ግን ጀልባውን መረጥን።

ይህን ስንጽፍ ግን የራሳችን ነገር ይከነክነናል። በ2015 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙዎች ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻገሩ። እነሱም "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለውን ነበር። መናኸሪያ ላይ ልጅ ያዘለች አንዲት ሱዳናዊት ወደ ገንዳ ውሃ ስትሳፈር ከእኛ እጥፍ ስትጠየቅ ሰማን። ሾፌሩ ከእኛው ሰፍ የሚሰግድ ልጅ ነው። ትክክለኛውን ታሪፍ በዐረብኛ ነገርናት። እሷ በታሪፉ ከፍላ ተሳፈረች፤ ልጁ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላም አላለንም።