ቤት ከመግዛታችን በፊት፦ ከፍለን ምን ይቀረናል?

በእኛ አነጋገር ማግባት «ጎጆ መውጣት» ነው። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ዘመድ ወዳጁ «የራሳችሁ ቤት መቼ ነው የምትገቡት?» ማለቱም ለዚህ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከበድ ይላል። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ በየወሩ እየቆጠቡ፣ ልጆቻቸውን በኪራይ ቤት ያሳደጉ ብዙ ናቸው። «ወይ ጨምሩ፣ ወይ ልቀቁ» የሚል አከራይ የገጠመው ሰው የራሱን ቤት ቢመኝ ቅንጦት አይባልም።

ምኞቱ ትክክል ነው፤ የምንሳሳተው ሂሳቡን የምንጀምርበት ቦታ ላይ ነው። አብዛኞቻችን «ቅድመ ክፍያውን ከየት እናምጣ?» ብለን እንነሳለን። ዕቁቡ ይወጣል፣ መኪናው ይሸጣል፣ ውጭ አገር ያለች እህት ትጠየቃለች። ቅድመ ክፍያው ሲሞላ ቤቱ የተገዛ ይመስለናል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «በየወሩ ከፍለን ምን ይቀረናል?» የሚለው ነው።

በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጣሪ ናቸው እንበል። ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በድምሩ 90,000 ብር ይደርሳቸዋል፤ ለኪራይ 25,000 ብር ይከፍላሉ። 4.5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ለመግዛት 1.5 ሚሊዮኑን ከራሳቸው፣ 3 ሚሊዮኑን ከባንክ ሊያደርጉ አስበዋል። ወለዱ በዓመት 17 በመቶ፣ መክፈያው 20 ዓመት ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 44,000 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 42,500 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,500 ብር ያህል ብቻ። እስከ መጨረሻው ሲከፈል 3 ሚሊዮኑ ብድር ከ10.5 ሚሊዮን ብር በላይ ይወስዳል።

የቀረው 46,000 ብር የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ አስቤዛውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝና ለወላጆች የሚላከውን ሁሉ መሸፈን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ቢያጣ ወይም ቢታመም ደግሞ ባንኩ ክፍያውን አይረሳም። «ለእናትህ ስንት ላክህ?» የምትለው ጥያቄ የጠብ መነሻ የምትሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

«ዛሬ ካልገዛን ነገ ዋጋው አይቀመስም» የሚሉም አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የብር የመግዛት አቅም ሲቀንስ የቤት ዋጋ ይንራል፤ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብም ይሳሳል። ነገር ግን በችኮላ ተገዝቶ ክፍያው ያቃተው ቤት፣ በችኮላ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት የሚከተሉትን ማድረግ ይበጃል።

አንደኛ፣ ክፍያውን ቀድማችሁ ልመዱት። በምሳሌያችን በኪራዩና በባንኩ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት 19,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ለስድስት ወር በየወሩ ሳትነኩት ቆጥቡት። ከቻላችሁ 114,000 ብር ይዛችኋል፤ ካልቻላችሁም ዕዳ ውስጥ ሳትገቡ አቅማችሁን አውቃችኋል።

ሁለተኛ፣ ያላችሁን ሁሉ ለቅድመ ክፍያ አትስጡ። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ቤቱ ሳይጠናቀቅ የሚሰጥ ከሆነም ሴራሚኩ፣ በሩ፣ የኩሽና ቁም ሳጥኑ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ በእጅ መቅረት አለበት። እንቅልፍ የሚሰጠው ይህ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፣ ገና ያልተሠራ ቤት የምትገዙ ከሆነ ውሉን ከጠበቃ ጋር አንብቡ። ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ከሆነ፣ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር ዕዳችሁም ያድጋል፤ ደመወዛችሁ ግን በብር ነው። ርክክቡ ሲዘገይ ሻጩ ምን እንደሚከፍል በግልጽ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

ሂሳቡ እንቢ ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ምኞቱን ማሳነስ ነው፦ ባለ ሦስት መኝታው ቀርቶ ባለ አንድ፣ መሀል ከተማው ቀርቶ ዳር። ሌላው በኪራይ ቤት ተረጋግቶ መቆየት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። «ከአከራዬ ጋር ተግባብተናል» ብሎ በቃል መኖር ይህን ጥበቃ ያሳጣል፤ ውላችሁን አስመዝግቡ።

በዚህ ወር አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የቤቱን ሥዕል ሳይሆን በመጀመሪያ የወር ወጪያችሁን አስቀምጡ። ሁለታችሁም ሳትደብቁ ጻፉ፤ ለወላጅ የሚላከውም፣ ለጓደኛ የተበደራችሁትም ይግባ። ከታች የሚቀረው ቁጥር ምን ዓይነት ቤት እንደምትችሉ ከደላላ በተሻለ ይነግራችኋል።