ለጨዋታ ሠሪዎቹ ልጆቼ፦ ሕዝብ ላይ ቦነስ አትለጥፉ

ባለፈው ሳምንት ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ረጅም ፋይል ላኩልኝ። «ቲቸር፣ እስኪ እዩልንና አስተያየት ስጡን» ይላል መልእክቱ። ልጆቹ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይጫወታሉ፤ እነሱ አሳጥረው ዲ ኤንድ ዲ ይሉታል። ለማታውቁት፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባህሪ ይፈጥራል፣ አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል፣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ እየተወረወረ ጀብዱው ይቀጥላል። በአጭሩ ተረት ተረት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚውም ተራኪ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱታል፤ እኔንም ሁለት ጊዜ አስቀምጠውኝ ያውቃሉ። (በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞቻለሁ። እሱን ሌላ ቀን።)

አሁን የራሳቸውን ዓለም እየሠሩ ነው። ዘንዶ አለ፣ ጋኔን አለ፣ ከሐይቅ ሥር የሚኖር ንጉሥ አለ። ኤልፍና ድዋርፍ የሚባሉትን የፈረንጅ ፍጥረታት ትተው «ሁሉም ተጫዋች ሰው ይሁን፤ የሚለያዩት በባህል ይሁን» ብለዋል። ይሄን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ 14ኛው ገጽ ላይ ደረስኩ።

እዚያ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አለ። ሰባት ሕዝቦች ተደርድረዋል። ደገኞች፦ ጽናት +2፣ ግርማ ሞገስ −1፣ «ቂመኞችና ምስጢረኞች ናቸው»። ቆለኞች፦ ጉልበት +2፣ እውቀት −1፣ «ግልፍተኞች፣ ልባቸው ግን ገር ነው»። የገበያ ሰዎች፦ ብልጠት +2፣ «ለገንዘብ የማይሸጡት የለም»። ልቀጥል? አልቀጥልም።

ስማቸውን ቀይራችሁ መልካቸውን ትታችሁታል፣ ልጆቼ። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሠንጠረዥ አይቶ ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ ማን እንደቆመ ለመናገር አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም። ታክሲ ውስጥ የሚወራ ቀልድ ነው፤ ቁጥር ተሰጠውና ሕግ ሆነ።

«ቲቸር፣ ጨዋታ እኮ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም የተቆጣሁት ጨዋታ ስለሆነ ነው። ታክሲ ውስጥ ያን ቀልድ የሚያወራውን ሰው «ውሸትህን ነው» ማለት ይቻላል። አጎቴ እንደዚያ አይደለም፣ ጎረቤቴ እንደዚያ አይደለችም ብሎ መከራከር ይቻላል። በጨዋታችሁ ውስጥ ግን ማን ይከራከራል? እዚያ ዓለም ላይ ቆለኛ በእውቀት ያንሳል ማለት ሐሜት መሆኑ ይቀርና ድንጋይ ወደ ታች ይወድቃል እንደማለት ይሆናል። ዳይሱ በተወረወረ ቁጥር እየተረጋገጠ ይሄዳል።

ደግሞ እኮ ይህን መንገድ የጀመሩት ራሳቸው እየለቀቁት ነው። ዲ ኤንድ ዲን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡት ሰው ከሌሎቹ ፍጥረታት የሚለየው ጣሪያ ስላልተበጀለት ነበር፤ ድዋርፉ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ሰው ግን ይቀጥላል። በ1978ቱ መጽሐፍ ደግሞ የሴት ገጸ ባህሪ የጉልበት ጣሪያ ከወንዱ ዝቅ እንዲል በቁጥር ተጽፎ ነበር። ያኔም «ጨዋታ ነው፣ ተፈጥሮም ነው» የሚል አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ ያን ገጽ የሚከላከል ተጫዋች ብታገኙ አምጡልኝና ቡና እጋብዘዋለሁ። በ2020 «የዘር ቦነሱን ወደፈለጋችሁት ችሎታ አዛውሩት» የሚል አማራጭ ሕግ መጣ። በ2024ቱ መጽሐፍ ቦነሱ ከዘር ላይ ወርዶ ገጸ ባህሪው ቀድሞ በኖረው ኑሮና በያዘው ሙያ ላይ ተደረገ፤ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ወጣ። 50 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እነሱ ዕቃቸውን ጭነው የሚወጡበትን ቤት እናንተ ልትከራዩት ነው? ያውም እነሱ ሲጽፉ ስለ ኤልፍ ነበር። ኤልፍ የሚባል ጎረቤት የላቸውም፤ እናንተ ግን አላችሁ።

(በነገራችን ላይ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባና ቀስተኞቻችን 18 በመቶ ፈጥነው እንዲተኩሱ ሲያደርግ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሾተል የያዘውን ወታደር ሳይ የሆነ ነገር ተሰምቶኛል። አልዋሽም። እዚያ ግን የምታዝዘው ጦር ነው፤ ጦር ሥልጠናና መሣሪያ አለው። አንድ ሰው ፈጥራችሁ፣ ስም አውጥታችሁለት፣ «እኔ» እያላችሁ ስትናገሩለት ነገሩ ይለያል።)

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። ደገኛና ቆለኛ የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት አውቃለሁ። ከእኔ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሾቻችሁ እያንቀላፋችሁ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ደጋ፣ ከ1500 እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በታች ቆላ ብዬ ሰሌዳ ላይ አሰመርኩ። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ ግን የአየር ንብረቱ የሰዉንም ጠባይ ይወስናል ብዬ ጨመርኩ፤ ብርዱ ሰውን ቁጥብ ያደርገዋል፣ ሙቀቱ ቶሎ ያናድደዋል አልኩ። እኔም እንደዚያው ተምሬ ነበር የመጣሁት። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እኔ የተወለድኩት ቆላ፣ ያደግሁት ደጋ ነው፤ ታዲያ እኔ ምንድነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መልስ አልሰጠሁትም። 14ኛውን ገጽ ሳነብ ያ ልጅ ነው የታወሰኝ፤ ሠንጠረዣችሁም መልስ የለውም።

ሌላም ትዝ ያለኝ ነገር አለ። ትልቋ ልጄ 18 ዓመት ሲሞላት መታወቂያ ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ያኔ ቅጹ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ጸሐፊዋ «ምን ልበል?» አለች። እናቷና እኔ እንለያያለን፤ ሁለቱንም ነገርኳት። «ቦታው አንድ ነው አባባ፣ በአባት ልሙላው?» አለች። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሙዪው አልኩ። ስንወጣ ልጄ መታወቂያውን እያገላበጠች «እማዬን የት አደረጋችኋት?» አለችኝ።

እናንተም ቦታውን አንድ አድርጋችሁታል። «ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይመርጣል፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ መቀየር አይቻልም» ይላል ሕጋችሁ። ዘንዶ የሚጋለብበት ዓለም ፈጥራችሁ፣ ሰው የእናቱንም ወገን የሚሆንበት መንገድ አጣችሁ? እንዴ!

እሺ፣ የእናንተንም ክርክር ልስማ፤ ጠንካራው ክርክር አለና። «ባህሉ ምንም ውጤት ከሌለው ማንም አያነበውም» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። የ2014ቱን የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ እዩት፦ የሰው ልጅ በስድስቱም ችሎታ +1 ያገኛል፣ አለቀ። ቀጥሎ ዘጠኝ የሰው ሕዝቦች ተዘርዝረዋል፤ ለእያንዳንዳቸው የመልክ መግለጫና የስም ዝርዝር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ስም መርጦ ገጹን መዝጋት ነው። ከክፉ ቁጥር ይሻላል፤ ግን ባህል ማለት የፀጉር ዓይነትና ስም ብቻ ነው ማለትም ስድብ ነው። ስለዚህ ባህሉ ጠረጴዛው ላይ ይሥራ፤ በዚህ እንስማማለን። የማንስማማው ምን ላይ ይሥራ በሚለው ነው።

በ1978 የወጣውን ረንኵዌስት የሚባለውን ጨዋታ ፈልጉት። ግሬግ ስታፎርድ በፈጠረው ግሎራንታ በተባለ ዓለም የሚካሄድ ነው። በ2018ቱ እትም ገጸ ባህሪ ስትፈጥሩ የምትጀምሩት ከአያታችሁ ነው! አያታችሁ በየትኛው ጦርነት እንደነበሩ፣ እናት ወይ አባታችሁ ምን እንደደረሰባቸው ዳይስ እየወረወራችሁ ወደ ራሳችሁ ትመጣላችሁ። የመጣችሁበት አገር ግልቢያ፣ ቋንቋ፣ እርሻ ያስተምራችኋል። ከዚያ በላይ ግን በመቶኛ የሚለካ ስሜት ይሰጣችኋል፤ ለቤተሰብ ፍቅር፣ ለጎሳ ታማኝነት። ያ ስሜት አንድ ቀን ያግዛችኋል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ልትሠሩት ያላሰባችሁትን ያሠራችኋል። ይሄ ነው ባህል! የማውቀው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚኖረው።

እኛ ጋ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቶ ፈሷል፤ እናንተ አልፋችሁት ሄዳችሁ እንጂ።

የጡት ልጅነትን ውሰዱ። የሥጋ ዝምድና የሌለው ሰው፣ አውራ ጣት ላይ የተቀባ ማር ጠብቶ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋላችሁ? አንድ ቤት በችግርህ ቀን በሩን ይከፍትልሃል፤ በምላሹ የዚያ ቤት ጠላት ያንተ ጠላት ይሆናል። ኦሮሞ ጋ ሞጋሳ አለ፤ ከውጭ የመጣ ሰው፣ አንዳንዴም ሙሉ ማኅበረሰብ፣ ወደ ጎሳው ገብቶ መብቱንም ግዴታውንም ይካፈላል። የልጁን ጉዲፈቻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቃሉ በአማርኛ ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር የገባው ከዚያው ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ሰው ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላ የሚገባበትን በር በማርና በቃል ኪዳን ሠርተው ነበር። እናንተ «መቀየር አይቻልም» ብላችሁ ዘጋችሁት።

እድርን ውሰዱ። ገጸ ባህሪው እድርተኛ ከሆነ ባልንጀራው ሲሞት ሬሳውን ጥሎ ወደ ዘንዶው ዋሻ መሮጥ አይችልም። መቅበር አለበት፣ ለቅሶ መቀመጥ አለበት። ዘንዶው ይጠብቅ። አጫዋቹ ይበሳጫል፣ ተጫዋቾቹ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ «እኔ አልቀርም» ብሎ ይቀመጣል፣ አንዱ ትቶ ሄዶ ዕድሜ ልኩን ይታማል። ይህ ሁሉ ያለ አንድም +2 ነው።

የኮንሶን እርከን ውሰዱ፤ ዩኔስኮ በ2011 የመዘገበውን። ያ ድንጋይ በደም ውስጥ ባለ ቦነስ አልተደረደረም። ልጅ ከአባቱ ጋር ለዓመታት እየሠራ የተማረው እጅ ነው የደረደረው። ከተማ ተወልዶ ያደገ የኮንሶ ልጅ ላያውቀው ይችላል፤ አብሯቸው የኖረ እንግዳ ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ «እነማን አሳደጉህ፣ ምን አስተማሩህ» ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ መልስ ሁለት ቢሆን፣ ሦስት ቢሆን ወረቀቱ ላይ ቦታ ይኑረው።

የመጨረሻው ነገር፣ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ። ከሰባቱ ሕዝቦቻችሁ አንዱም ከራሱ ጋር አይጣላም። «ደገኞች እንግዳ ያከብራሉ» ብላችኋል። የትኞቹ ደገኞች? ባለ መሬቱ? ጭሰኛው? ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው» ብሎ ከገበታው የሚያርቀው ያው እንግዳ አክባሪ አይደል? ቀጥቃጩን ስለዚያ ባህል ብትጠይቁት ሌላ መጽሐፍ ይጽፍላችኋል። ሸክላ ሠሪዋም፣ ሸማኔውም እንደዚሁ። ከእያንዳንዱ ሕዝብ ገጽ ላይ የጠባይ ዝርዝሩን ሰርዙና በምትኩ ያ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚጨቃጨቅበትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ተጫዋቹ የቱ ወገን እንደሆነ ይምረጥ። የዚያን ጊዜ ሁለት ደገኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ፎቶ ኮፒ አይሆኑም።

ሦስታችሁ ይህን ስታነቡ «ለምን በኢንቦክስ አልነገሩንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስማችሁን አልጠራሁም። በአደባባይ የጻፍኩት ያን ትምህርት በአደባባይ፣ ሰሌዳ ላይ ስላስተማርኩ ነው፤ ከእናንተም ሌላ ብዙ ልጆች ደብተራቸው ላይ ገልብጠውታል። ያ እጁን ያወጣው ልጅ ይህን ገጽ ይከታተል እንደሆነ አላውቅም። ካለህ ጻፍልኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቡናውን እኔ አመጣለሁ፣ 14ኛውን ገጽ እናንተ አምጡ፣ እርሳስና ላጲስም አይጥፋ። የማጫውተውን ሰው ከወዲሁ ወስኛለሁ፦ አባቱ ቀጥቃጭ ነው፣ እናቱ ከቆላ የመጣች ነጋዴ ናት፣ የጡት አባቱ ደግሞ ከእናንተ ሰባት መስመሮች የትኛውም ውስጥ አይገባም። እስኪ የት እንደምትጽፉት አያለሁ።