«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ሕግ የት ነው የተጻፈው?

ባለፈው ወር በቴሌግራም 42 ቁጥር የቆዳ ጫማ አዝዤ ገንዘቡን በባንክ አስተላለፍኩ። ሞተረኛው ያመጣልኝ ግን 40 ቁጥር፣ ያውም ቆዳ ያልሆነ ነው። ሻጩ ጋ ስደውል መልሱ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!»

ይህች ቃል ከሱቅ ግድግዳና ከደረሰኝ ግርጌ ተነስታ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ገብታለች። ለመሆኑ ሕግ ናት? አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ ከውሉ የተለየ ዓይነት ወይም ጥራት ያለው ዕቃ ቢያስረክብ ኃላፊ ያደርገዋል። ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 813/2006 በበኩሉ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ቅያሪ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ፈቅዷል።

ሐሳብን ቀይሮ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ በ14 ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ሱቅ የገባ ሰው ለክቶና ዳስሶ ይገዛል፤ በስልክ የሚገዛው ያየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ነጋዴዎች «ለሠርግ ለብሰው ይመልሱብናል» ቢሉ ስጋታቸው ተገቢ ነው። መመሪያውም ይህን አልረሳም። በትእዛዝ የተሰፋ ልብስና ቶሎ የሚበላሽ ምግብ አይመለስም፤ ከመሞከር ባለፈ ተጠቅሞ ዋጋውን የቀነሰ ገዢም ይጠየቃል።

የእኛ ችግር ከዚህ ይቀድማል። ለሻጩ ሕጉን ጠቅሼ ብጽፍለት ስልኬን ዘጋብኝ። ስሙን አላውቅ፣ አድራሻውን አላውቅ፣ ማንን ልክሰስ? ሕግ የተማርኩት እኔ እንዲህ ከሆንኩ ሌላው ምን ይሆን?

አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ስለዚህ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ አታጥፉ። ከመክፈላችሁ በፊት የሻጩን ሙሉ ስም፣ አድራሻና የንግድ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከተቻለም ዕቃውን ከፍታችሁ አይታችሁ ክፈሉ። መንግሥትም መብት መደንገጉ ብቻውን አይበቃም፤ ተጠያቂው ሻጭ የሚገኝበትን መንገድ ያብጅልን። ተከሳሽ የሌለው መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።