የባልንጀራን ጽሑፍ ስለ ማረም

ዓይን ሁሉን ታያለች፤ ራስዋን ግን ያለ መስተዋት ልታይ አይቻላትም። የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ነው። በልቡ ያለውን ሁሉ በወረቀቱ ላይ ያኖረ ይመስለዋል፤ ሲያነበውም ያልጻፈውን ልቡ እየሞላለት ጉድለቱን አያገኘውም። ስለዚህ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ተለዋውጠው እንዲተራረሙ ማድረግ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ያለ ፍቅርና ያለ ጥበብ የተደረገ እንደ ሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ባለችው በመልካሳ የሚኖር አንድ ልጅ፥ አባቱ በመስኖ ስላለማው ሽንኩርት ጻፈ ቢባል፤ ሽንኩርቱም አምሮ እንደ በቀለ በመጨረሻም እንደ በሰበሰ ቢናገር፤ ጽሑፉም ለሦስት ባልንጀሮቹ ቢደርስ፥ ፊተኛው ወዳጁ ነውና «እጅግ ያማረ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሁለተኛው የተሳሳቱትን ፊደሎች ለቅሞ በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ እያነበበ ያስቅበታል። ሦስተኛው ግን «ሽንኩርቱ እንደ በሰበሰ ተረዳሁ፤ ነገር ግን ውኃ በዝቶበት ነውን፥ ወይስ ዝናብ ያለ ጊዜው መጥቶበት? ይህን አላገኘሁትም» ይለዋል።

ፊተኛው ፍቅር መስሎት ባልንጀራውን በጉድለቱ ተወው። የሁለተኛው ጥፋት ግን ይብሳል። በዚያ አገር በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛን ተምሮ ይጽፋል፤ በአማርኛ አፉን የፈታውም ኦሮምኛን ተምሮ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሁለቱም እንግዳ ነው። ዛሬ በሌላው ስሕተት የሚስቅ ነገ በራሱ ይሳቅበታል። የተሳቀበትም ልጅ ስሕተቱን አይተውም፤ መጻፉን ይተዋል። የረዳው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የተረዳውን አስቀድሞ፥ ያላገኘውን አስከትሎ፥ ማቃናቱን ለባለቤቱ ተወለትና።

«ተማሪ ተማሪን ሊያርም ምን ዕውቀት አለው?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነትነት አለው። በቅኔ ቤትም ጀማሪው የቈጠረውን ቅኔ የሚሰማለት አስነጋሪ ከእርሱ ይልቅ የበሰለ ተማሪ ነው፤ ከሁሉ በላይም መምህሩ አሉ። ስለዚህ የፊደልና የሰዋስው ፍርድ ለመምህር ይቆይ። አንባቢው ግን መንገዱ የጠፋበትን ስፍራ ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻውም፤ በዚያ ስፍራ መቆሙ ብቻ ምስክር ነው።

በመልካሳ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1969 የተመሠረተ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ፤ «አዋሽ 1» የተባለው ነጭ ቦሎቄ የወጣው ከዚያ ነው። አዲስ ዘር ያገኘ ተመራማሪ ለራሱ ዘር ራሱ ዳኛ አይሆንም። ዘሩ በገበሬ ማሳ ደግሞ ይፈተናል፤ ሌሎች ባለሙያዎችም ከመረመሩት በኋላ ይለቀቃል። ሊቃውንቱ በሌላው ዓይን መታየትን ካልናቁ፥ ተማሪ ሊያፍርበት አይገባም።

እንግዲህ መምህር ይህን ሥርዓት ሊያቀና ቢወድ፥ አስቀድሞ የራሱን ጽሑፍ በሰሌዳ ላይ ጽፎ በተማሪዎቹ ያስመርምር፤ ሲታረምም በትዕግሥት ይቀበል። ከዚያ በኋላ ተማሪው የባልንጀራውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፤ የተረዳውን፥ ያማረውን ስፍራ ከነምክንያቱ፥ ያልገባውንም በጥያቄ። ባለ ጽሑፉም ዳግመኛ ይጻፍ፤ ያልተቀበለው ምክር ቢኖር ስለ ምን እንዳልተቀበለው ይናገር። ማርክ መስጠት ግን የመምህር ይሁን፤ በወዳጅ እጅ የገባ እንደ ሆነ ወይ ያዳላል ወይ ይበቀላል።

ከዚህ ሥራ ይልቁን የሚጠቀመው አራሚው ነው። በባልንጀራው ጽሑፍ የጐደለውን ምክንያት ያየ ልጅ ወደ ራሱ ወረቀት ሲመለስ ያንኑ ጉድለት ያገኛል። ሳይመለስ የቀረ ግን የራስዋ እያረረባት የሰው እንደምታማስለው ሴት ይሆናል። በወንጌል ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ የተነገረውም ይህንኑ ያስተምራል፤ የራሱን ምሰሶ ያወጣ ሰው የወንድሙን ጉድፍ ሳያቈስል ሊያወጣ ይችላል። እርማት ማለትም ይህ ነው፤ ወንድምን ሳያቈስሉ ማቃናት።